ኤምካትን ዳግም ልፈተን ወይስ በያዝኩት ውጤት ላመልክት?

ለሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ የሚሰጠው የኤምካት ፈተና ውጤት በወጣበት ዕለት ማታ ምንም አትወስኑ። ቁጥሩ ከጠበቃችሁት በታች ከሆነ እጃችሁ ወዲያው ወደ ምዝገባው ይሄዳል፤ ቤተሰብም «ግድ የለም፣ እንደገና ትፈተናለህ» ብሎ ያጽናናል። ማጽናኛው ከልብ ነው። ሆኖም ይህን ፈተና መድገም ወራትን፣ ገንዘብን፣ አንዳንዴም አንድ ሙሉ የማመልከቻ ዓመትን ይወስዳል። ሁለተኛው ውጤት ደግሞ የመጀመሪያውን አይተካውም፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ሆነው ለምታመለክቱባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይደርሳሉ። ስለዚህ ለራሳችሁ አንድ ሳምንት ስጡ፤ ከዚያ ከዚህ በታች ባለው ቅደም ተከተል ሂዱ።

የምጽፈው በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት ለሚያመለክቱ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ነው። ከኢትዮጵያ የሕክምና ዲግሪ ይዘው መጥተው የሥራ ፈቃድ ለማግኘት የሚፈተኑ ሐኪሞች መንገድ ሌላ ነው። የእነሱን ፈተና፣ ዩኤስኤምኤልኢን፣ አንዴ ካለፉት በኋላ ለተሻለ ነጥብ ብሎ መድገም አይፈቀድም። የሁለቱ ፈተናዎች ወሬ በየቤቱ ስለሚደባለቅ ነው ይህን መጥቀሴ።

ኤምካት ማትሪክ አለመሆኑን ከወዲሁ ተስማሙ

በኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ያለፈ ወላጅ አንድ ነገር በደንብ ያውቃል፤ እዚያ ነጥብ ይወስናል። ነጥብ የመጣለት ይገባል፣ ያልመጣለት ይቀራል፣ ሕክምና የሚደርሰው ደግሞ ከላይ ላሉት ነው። ያ ዕውቀት በቦታው ትክክል ነበር። እዚህ አሜሪካ ላለ ልጅ ምክር ሲሆን ግን ያሳስታል፤ «ትንሽ ብትጨምር ትገባ ነበር» የሚለው አባባል የሚመጣው ከዚያ ልምድ ነው።

እዚህ የቅበላ ኮሚቴው ነጥብን ከላይ ወደ ታች ደርድሮ መስመር አያሰምርም። የኮሌጅ ዓመታት ጂፒኤን፣ የሳይንስ ኮርሶችን ውጤት፣ ከሕሙማን ጋር ያሳለፋችሁትን ጊዜ፣ የመምህራንን ደብዳቤ፣ ስለ ራሳችሁ የጻፋችሁትንና ቃለ መጠይቁን አብሮ ይመዝናል። በየዓመቱ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ያመለክታል፤ የሚገባው ወደ 23 ሺህ ነው። ከሚቀሩት መካከል 515 ያመጡ አሉ፤ ከሚገቡት መካከል 505 ያመጡ አሉ። ኤምካት በር ያስከፍታል፤ ከበሩ በኋላ የሚጠየቁት ነገሮች ግን ብዙ ናቸው። ይህን ከቤተሰብ ጋር አስቀድማችሁ ካልተነጋገራችሁ ውሳኔው የእናንተ ሳይሆን የቤቱ ጭንቀት ውሳኔ ይሆናል።

አንደኛ፦ ውጤቱን ከፋፍላችሁ አንብቡ

አሁን በሥራ ላይ ያለው ኤምካት ከ2015 ጀምሮ የሚሰጠው ነው። አራት ክፍሎች አሉት፦ የኬሚስትሪና ፊዚክስ፣ ካርስ የሚባለው የንባብና የትንተና፣ የባዮሎጂና ባዮኬሚስትሪ፣ የሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ። እያንዳንዱ ክፍል ከ118 እስከ 132፣ ጠቅላላው ከ472 እስከ 528 ይታሰባል። የተፈታኞች ሁሉ አማካይ 500 አካባቢ ነው። ሕክምና ትምህርት ቤት የሚገቡት አማካይ ደግሞ ባለፉት ዓመታት ከ511 እስከ 512 ባለው ውስጥ ነው። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ብዙ ሰው ያስደነግጣል። አማካይ ማለት ግን ከሚገቡት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ከሱ በታች ናቸው ማለትም እንደሆነ አትርሱ።

ፈተናውን የሚያዘጋጀው የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር፣ ኤኤኤምሲ፣ ጠቅላላ ውጤቱን ሲልክ ሁለት ነጥብ ወደ ላይና ወደ ታች የስሕተት ወሰን አብሮ ያሳያል። 509 ያገኘ ሰው ትክክለኛ አቅሙ 507 ወይም 511 ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ከ509 ወደ 511 ለመድረስ ብቻ መድገም፣ በሌላ ቀን የተሻለ ዕድል ይገጥመኛል ብሎ ከመሞከር ብዙም አይለይም።

ከጠቅላላው ይልቅ የአራቱን ክፍሎች ቅርጽ ተመልከቱ። ሁለት ተማሪዎች 507 አመጡ እንበል። አንደኛዋ 127፣ 127፣ 126፣ 127 ነው ያላት። ሌላው 128፣ 123፣ 128፣ 128። ድምሩ አንድ ነው፤ ጉዳያቸው ግን በጭራሽ አንድ አይደለም። የመጀመሪያዋ ደካማ ጎን የላትም። ከፍ ለማለት አራቱንም ክፍሎች በአንድ ላይ መግፋት ይኖርባታል፤ ያ ብዙ ወር የሚጠይቅ ከባድ ሥራ ነው። ጂፒኤዋ ጥሩ ከሆነና የትምህርት ቤቶቿን ዝርዝር በጥንቃቄ ካዘጋጀች በዚሁ ውጤት እንድታመለክት እመክራታለሁ። የሁለተኛው ችግር ግን በአንድ ቦታ የተከማቸ ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች በአንድ ክፍል 123 ወይም ከዚያ በታች ሲያዩ ጠቅላላውን ውጤት እንኳ ከማየታቸው በፊት ይጠራጠራሉ። ያ ልጅ ካርስን በእርግጥ የሚያሻሽልበት መንገድ ካለው፣ መድገሙ ምክንያት አለው። 129፣ 127፣ 128፣ 129 ይዛ 513 ያላት ሦስተኛ ተማሪ «520 ካላመጣሁ» ብላ ብትጨነቅ ደግሞ ጊዜዋን ወደ ሌላ ነገር እንድታዞር ነው የምነግራት፤ ሁለተኛው ውጤት 511 ሆኖ ቢመጣ ከመጥቀም ይልቅ ጥያቄ ያስነሳባታል።

ሁለተኛ፦ ውጤቱን ከትምህርት ቤቶቹ ጋር አስተያዩት

«505 ጥሩ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። የት ለማመልከት? ከየትኛው ጂፒኤ ጋር? የየትኛው ስቴት ነዋሪ?

ለዚህ ሁለት መሣሪያዎች አሉ። ኤኤኤምሲ የሚያዘጋጀው ኤምሳር የተባለው የመረጃ ቋት እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የተቀበላቸው ተማሪዎች ውጤት ከታች አሥር በመቶው ጀምሮ እስከ ላይኛው አሥር በመቶ የት እንደሚያርፍ ያሳያል። ሙሉውን ለማየት መጠነኛ ክፍያ አለው፤ ለአንድ ማመልከቻ ከሚወጣው ወጪ አንጻር ግን የሚያስቆጭ አይደለም። ብዙ ተማሪ የመካከለኛውን ቁጥር ብቻ አይቶ ትምህርት ቤቱን ከዝርዝሩ ይሰርዛል። እናንተ የታችኛውን አሥር በመቶና የታችኛውን ሩብ ተመልከቱ። ውጤታችሁ በእነዚህ መካከል ካረፈና በሌላው ነገር ጠንካራ ከሆናችሁ በሩ ክፍት ነው። ከታችኛው አሥር በመቶ በታች ከሆናችሁ ግን በጣም የተለየ ምክንያት ካልኖራችሁ በስተቀር ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ሁለተኛው መሣሪያ ኤኤኤምሲ በነጻ የሚያወጣው ሰንጠረዥ ነው። ጂፒኤና ኤምካት በጥንድ ተቀምጠው፣ በየጥንዱ ስንት ሰው አመልክቶ ስንቱ ቢያንስ አንድ ትምህርት ቤት እንደተቀበለው ይነግራል። የራሳችሁን ሣጥን ፈልጉ፤ ከዚያ ሁለት ነገር ሞክሩ። ኤምካታችሁ አንድ ሣጥን ቢወጣ መቶኛው በስንት ይቀየራል? ጂፒኤያችሁ አንድ ሣጥን ቢወጣስ? ጂፒኤው 3.2 ለሆነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ግልጽ ነው፤ ቁስሉ ያለው እዚያ ነው። ኤምካትን ከ510 ወደ 513 ማውጣት ያንን አይሽረውም። የላይኛ ደረጃ የሳይንስ ኮርሶችን ተመዝግቦ በጥሩ ውጤት መጨረስ ይሻለዋል።

ዝርዝራችሁ ሰፋ ያለ ይሁን። የስቴታችሁ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለነዋሪ ያደላሉ፤ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ሚኒሶታ ወይም ዋሽንግተን ስቴት የምትኖሩ ከዚያ ጀምሩ። በዋሽንግተን ዲሲ ያለው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅ ከ1868 ጀምሮ፣ በናሽቪል ያለው ሜሃሪ ከ1876 ጀምሮ፣ በአትላንታ ያለው ሞርሃውስ ከ1975 ጀምሮ ጥቁር ሐኪሞችን ሲያፈሩ የኖሩ ናቸው፤ አመልካችን ከነታሪኩ የማየት የቆየ ልምድ አላቸው። ይህ ማለት ግን ቀላል መግቢያ ናቸው ማለት አይደለም፤ ከመላ አገሪቱ ያመለክቱባቸዋል። የዲ.ኦ. ዲግሪ የሚሰጡ የኦስቲዮፓቲ ትምህርት ቤቶችም አሉ። እዚያ የሚገቡት አማካይ ኤምካት 504 አካባቢ ነው። ወላጆች «እውነተኛ ዶክተር አይደለም» ሲሉ እሰማለሁ፤ ይህ ስሕተት ነው። የዲ.ኦ. ሐኪም በአሜሪካ በሁሉም ስቴት ሙሉ ፈቃድ ኖሮት ያክማል፣ መድኃኒት ያዛል፣ ቀዶ ሕክምና ይሠራል። 504 ይዞ በዲ.ኦ. ለመግባት ጥሩ ዕድል ያለው ልጅ የስሙን ፊደል ፈርቶ አንድ ዓመት ቢያጣ ያሳዝነኛል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ቶሎ አጣሩ። ተማሪ ቪዛ ላይ ካላችሁ ግሪን ካርድ የሌለውን አመልካች የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች ጥቂት ናቸው። ዲግሪያችሁ ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ከሆነም ብዙዎቹ በአሜሪካ ኮሌጅ የተወሰዱ ኮርሶችን ይጠይቃሉ። ከሁለቱ በአንዱ ተይዛችሁ ከሆነ ኤምካትን መድገም ችግሩን አይነካውም።

ሦስተኛ፦ ውጤቱ ለምን እንዲህ እንደሆነ እወቁ

ሙሉው ውሳኔ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ሌላውን ብትዘሉት እንኳ ይህን አትዝለሉት።

ከፈተናው በፊት የወሰዳችኋቸውን የኤኤኤምሲን ኦፊሴላዊ የሙከራ ፈተናዎች ውጤት አውጡ። የግል ድርጅቶች የሚያዘጋጁትን ሳይሆን፣ የራሱን የፈታኙን። የመጨረሻዎቹን ሦስት አማካይ ያዙና ከእውነተኛው ውጤት ጋር አስተያዩት።

አማካዩ 506፣ እውነተኛው 507 ከሆነ ፈተናው አልበደላችሁም፤ አቅማችሁን በትክክል ለካ። «ዕድሌ ነው»፣ «ያን ቀን ጥሩ አልነበርኩም» የሚለው አያዋጣም። መድገም የሚገባችሁ በዝግጅታችሁ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ከተቀየረ ብቻ ነው።

አማካዩ 513፣ እውነተኛው 507 ከሆነ በፈተናው ቀን አንድ ነገር ተፈጥሯል። ምን? ሕመም ነበር? ሌሊት ሥራ ወጥታችሁ በማግስቱ ነበር የተቀመጣችሁት? ኤምካት 230 ጥያቄዎች አሉት፤ ከዕረፍቶቹ ጋር ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ በፈተና ክፍል ያስቀምጣል፣ የሚጀመረውም በጠዋት ነው። በነርሲንግ ሆም የሌሊት ፈረቃ እየሠራ ለሚዘጋጅ ተማሪ ጠዋት ሁለት ሰዓት የመተኛ ሰዓቱ ነው። እንዲህ ያለ ምክንያት በስሙ ሊጠራ የሚችል፣ ሊስተካከልም የሚችል ስለሆነ መድገምን ከሚደግፉት ሁሉ ጠንካራው ነው። ጭንቀት ከሆነ ግን እውነቱን ተቀበሉ፤ በሁለተኛው ጊዜ «ይህ የመጨረሻዬ ነው» የሚል ስሜት ይጨመርበታል። ሐኪም ወይም አማካሪ ሳያነጋግሩ ያው ክፍል ውስጥ ተመልሶ መቀመጥ ውጤቱን አይለውጠውም።

የሙከራ ፈተና ሙሉውን፣ በሰዓቱ፣ ስልክ ዘግታችሁ አንድም ጊዜ ሳትወስዱ የገባችሁም አላችሁ። የእናንተ የመጀመሪያ ውጤት ስለ አቅማችሁ ብዙ አይናገርም። ብዙ ቦታ ያላችሁ እናንተ ናችሁ።

ካርስ ብቻውን ሊታይ የሚገባው ነው። በአማርኛ አስበን በእንግሊዝኛ ለምናነብ ሰዎች ከአራቱ ሁሉ የሚፈትነን እሱ ነው። ዘጠኝ ምንባቦች፣ 53 ጥያቄዎች፣ 90 ደቂቃ፤ ለአንድ ምንባብ ከነጥያቄዎቹ አሥር ደቂቃ ብቻ። ጉዳዩ ፍልስፍና ሊሆን ይችላል፣ ሥነ ሕንፃ ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ የሚያስፈልግ ዕውቀት የለም። ኢትዮጵያ ውስጥ በተማርንበት መንገድ የንባብ ጥያቄ ማለት በምንባቡ ውስጥ የተጻፈውን ፈልጎ ማግኘት ነበር። ካርስ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ጸሐፊው ስላልጻፈው ነገር ቢጠየቅ ምን ይል ነበር? አንድ ጎበዝ ተማሪ የሚስታቸውን ጥያቄዎች ብትመለከቱ አብዛኛውን ጊዜ የመረጠው መልስ በዓለም ላይ እውነት ነው፤ ምንባቡ ግን አላለውም። ለምሳሌ ምንባቡ «የከተማ አደባባዮች ለንግድ ብቻ መዋላቸው የጋራ ሕይወትን አሳጥቶናል» የሚል ቁጭት ቢሆን፣ ከምርጫዎቹ አንዱ «ንግድ ለከተማ ዕድገት አስፈላጊ ነው» ይላል። እውነት ነው፤ ተማሪውም ያውቀዋል። ጸሐፊው ግን ስለዚያ አልተናገረም፤ ቢናገርም ሌላ ይል ነበር። ይህን ልማድ የሚያስተካክለው የምንባብ ክምችት ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ስሕተት «የራሴን ዕውቀት ጨመርኩ? ጸሐፊውን አልሰማሁትም? ወይስ ጊዜ አለቀብኝ?» ብሎ በደብተር መመዝገብ ነው። ደብተሩ ሲበዛ አንዱ ምክንያት ከሌሎቹ ይልቅ ተደጋግሞ ይታያል።

ካርስ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። በስድስት ሳምንት ውስጥ ባዮኬሚስትሪን ከ125 ወደ 128 ማድረስ ይቻላል፤ ካርስን በዚያ ጊዜ ከ123 ወደ 127 አደርሳለሁ ማለት ግን ለብዙዎች የማይሆን ተስፋ ነው። ለስድስት ወር በየቀኑ ማንበብ የምትችሉ ከሆነ ዝግጅት አላችሁ። ካልቻላችሁ ያንኑ የካርስ ውጤት ታገኛላችሁ። በካናዳ ለምታመለክቱ ደግሞ ይህ ክፍል የበለጠ ይከብዳል፤ በሃሚልተን ያለው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ከኤምካት የሚያየው ካርስን ብቻ ነው።

አራተኛ፦ «አሁን ምን የተለየ ነገር አለ?» ለሚለው በጽሑፍ መልሱ

ወረቀት አውጡና ጻፉ። «የበለጠ አጠናለሁ» መልስ አይደለም። «ከጃንዋሪ ጀምሮ የቅዳሜና እሑድ ፈረቃዬን አቆማለሁ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ከመሠረቱ እከልሳለሁ፣ በየቀኑ ሁለት የካርስ ምንባብ እሠራለሁ፣ በየሁለት ሳምንቱ ሙሉ ፈተና በጠዋት እቀመጣለሁ» መልስ ነው።

በጽሑፍ ካልመጣላችሁ አትድገሙ። ይህን በቀጥታ የምለው ኤኤኤምሲ ስለሚደግሙ ሰዎች ያወጣው መረጃ ስላለ ነው፤ ሁለተኛ የሚፈተኑት በመካከለኛው ቁጥር የሚጨምሩት ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ነው። ከዚያ በላይ የሚጨምሩ ብዙ አሉ። የሚቀንሱም አሉ። የመጀመሪያው ውጤት ከፍ ባለ ቁጥር የመጨመሩ ዕድል ይጠባል።

አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለ። የኤኤኤምሲን የሙከራ ፈተናዎች በመጀመሪያው ዙር ጨርሳችኋቸው ከሆነ ዳግም ስትወስዷቸው ውጤታችሁ ያብጣል፤ ምንባቡን ታስታውሱታላችሁ፣ መልሱንም አይታችሁታል። ሁለተኛ ዙር ላይ «518 እያመጣሁ ነው» ብሎ ተማምኖ ገብቶ 508 የሚያገኝ የሚበዛው በዚህ ነው። ቢያንስ ሁለት ያልነካችኋቸው ኦፊሴላዊ ፈተናዎች ከሌሏችሁ ዝግጁ መሆናችሁን የምታውቁበት አስተማማኝ መለኪያ የላችሁም።

አምስተኛ፦ የቀን መቁጠሪያውን ተመልከቱ

ኤምካት በጃንዋሪ፣ ከዚያም ከማርች እስከ ሴፕቴምበር ይሰጣል። ውጤቱ ከ30 እስከ 35 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይወጣል። አምካስ የተባለው ዋናው የማመልከቻ ሥርዓት በሜይ መጀመሪያ ይከፈታል፤ ማመልከቻዎቹ ለትምህርት ቤቶቹ መድረስ የሚጀምሩት በጁን መጨረሻ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ በደረሳቸው ቅደም ተከተል እያዩ ለቃለ መጠይቅ ስለሚጠሩ፣ ቀድሞ መድረስ ዋጋ አለው።

ስለዚህ በኤፕሪል ወይም በሜይ መድገም ዓመቱን አያጠፋባችሁም። ጁን ላይም ይቻላል። ጁላይ መጨረሻና ኦገስት ላይ የሚፈተን ሰው ግን ውጤቱ ሲደርስ ብዙ የቃለ መጠይቅ ቦታ የተያዘበት ጊዜ ይሆናል፤ ከፍ ያለው ነጥብ ያንን ኪሳራ ማካካስ አለበት። ሴፕቴምበርን ለሚቀጥለው ዓመት ማመልከቻ አስቡት።

በመካከል ለሆናችሁ አንድ የሚሠራ ዘዴ አለ። ማመልከቻችሁን በጁን መጀመሪያ ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ላኩ። አምካስ ትራንስክሪፕታችሁን ማጣራት ይጀምራል፤ ይህ በተጨናነቀ ጊዜ ሳምንታት ይወስዳል። አዲሱ ውጤት ሲወጣ ማጣራቱ አልቆ ይቆያችኋል፤ እንግዲህ ዝርዝሩን በውጤቱ መጠን አስፉት ወይም አጥብቡት።

የመጀመሪያው ውጤት ዕድሜም ይቆጠራል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በላይ የቆየ ውጤት አይቀበሉም። ኮሌጅ ጨርሳችሁ ለሥራ ከወጣችሁ በኋላ የምታመለክቱ ይህን ካላያችሁ፣ ሳትፈልጉ ለመድገም ትገደዳላችሁ።

ስድስተኛ፦ ገደቡንና ገንዘቡን እወቁ

በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ፣ በሁለት ተከታታይ ዓመታት አራት ጊዜ፣ በዕድሜ ሙሉ ሰባት ጊዜ ነው የሚፈቀደው። ተመዝግቦ መቅረትም፣ ተፈትኖ ውጤቱን መሰረዝም ይቆጠራል። ትምህርት ቤቶች ብዙ ውጤት ሲደርሳቸው የሚይዙበት መንገድ ይለያያል፦ ከፍተኛውን የሚወስዱ አሉ፣ የመጨረሻውን የሚያዩ አሉ፣ አማካይ የሚያወጡም አሉ። በኤምሳር ውስጥ ለየትምህርት ቤቱ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሁለት ጊዜ መፈተን ማንንም አያስደነግጥም። ለሦስተኛ ጊዜ ከመቀመጣችሁ በፊት ግን ይህን ጽሑፍ ሳይሆን የኮሌጃችሁን የቅድመ ሕክምና አማካሪ ፊት ለፊት አነጋግሩ።

ለአንድ ፈተና ምዝገባው ከ300 ዶላር በላይ ነው። ኤኤኤምሲ የክፍያ ድጋፍ ፕሮግራም አለው፤ የቤተሰብ ገቢ ከፌዴራል የድህነት መስመር እስከ አራት እጥፍ ለሆነ ተማሪ ምዝገባውን ይቀንሳል፣ ኦፊሴላዊ ማዘጋጃዎችን በነጻ ይሰጣል፣ የአምካስን ክፍያ እስከ 20 ትምህርት ቤት ድረስ ያነሳል። ዜጎች፣ ግሪን ካርድ ያላቸው፣ ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሁሉ ማመልከት ይችላሉ። ብዙ የኛ ቤተሰቦች በገቢያቸው ይገቡበታል፤ ሆኖም «ይህ ለኛ አይሆንም» ብለው ሳይሞክሩት ያልፋሉ። አባት ኡበር የሚነዳበት፣ እናት የቤት ውስጥ እንክብካቤ ሥራ የምትሠራበት አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀላሉ ሊያሟላ ይችላል። ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ፤ ድጋፉ ወደ ኋላ ተመልሶ የተከፈለን አይመልስም። የወላጆች የግብር ሰነድ ስለሚጠየቅ ወላጆችን ቀድማችሁ አስረዱ። አንዳንድ አባቶች ገቢያቸውን ለልጅ ማሳየት ይከብዳቸዋል፤ ምን ለማን እንደሚላክ በእርጋታ ሲነገራቸው ግን ወረቀቱን ያመጣሉ።

ከቤተሰብ ጋር ስትነጋገሩ

ቁጥሩን ብቻ ይዛችሁ አትቅረቡ። «507 አመጣሁ» ካላችሁ የሚሰሙት «ከ528 ሃያ አንድ ነጥብ ጎደለኝ» ነው። የትምህርት ቤቶቹን ዝርዝር፣ በኤምሳር ያያችሁትን ወሰንና የቀን መቁጠሪያውን አብራችሁ አሳዩ። «እማዬ፣ እነዚህ አሥራ አምስቱ ላይ አሁን ማመልከት እችላለሁ። ብደግም በነዚህ አምስት ላይ ዕድሌ ይጨምራል፤ ግን የሚቀጥለውን ዓመት መጠበቅ አለብኝ» ማለት ይቻላል። በቤተ ክርስቲያን ወይም በማኅበር ላይ «የእገሊት ልጅ 520 አምጥቶ ገባ» የሚለው ወሬ የሚያስጨንቃቸው የተሟላ ሥዕል ስለሌላቸው ነው። ወላጆችም እባካችሁ፤ ልጁ በጽሑፍ ያቀረበውን ምክንያት ጠይቁ እንጂ ነጥቡን ከሌላ ልጅ ጋር አታወዳድሩ። «ምን ይቀየራል?» የሚለው ጥያቄ ከእናንተ ሲመጣ የበለጠ ይረዳዋል።

ባለፈው ዓመት አመልክታችሁ ሳይቀበሏችሁ ቀርተው ከሆነ፣ ከመድገማችሁ በፊት ላልተቀበሏችሁ ትምህርት ቤቶች ጽፋችሁ ምክር ጠይቁ። ሁሉም አይመልሱም። የሚመልሱት ግን የሚነግሯችሁ ብዙ ጊዜ ስለ ኤምካት አይደለም፤ የሕሙማን ልምድ ማነስ፣ ዘግይቶ ማመልከት፣ ቃለ መጠይቅ ላይ በጣም አጭር መልስ ይጠቅሳሉ። በተለይ ቃለ መጠይቅ ተጠርታችሁ ካልተቀበሏችሁ፣ ውጤታችሁ በሩን ከፍቶላችኋል፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው።

ከወሰናችሁ በኋላ

ለመድገም ከወሰናችሁ አንድ መስመር አስቀምጡ፤ ያልነካችኋቸው ኦፊሴላዊ ፈተናዎች አማካይ ከመጀመሪያው ውጤት ቢያንስ አራት ነጥብ ካልበለጠ አትቀመጡ። ቀኑን ለመቀየር የመጨረሻው ጊዜ ከፈተናው አሥር ቀን በፊት ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻውን የሙከራ ፈተና ከሁለት ሳምንት በፊት ውሰዱ። በፈተናው ቀን አንድ ከባድ ነገር ቢደርስባችሁ፣ ታማችሁ ወይም አንድ ሙሉ ምንባብ ሳትነኩ ጊዜው ቢያልቅ፣ መጨረሻ ላይ ውጤቱ እንዳይታረም የመሰረዝ ምርጫ ይሰጣችኋል። የተሰረዘ ውጤት ለትምህርት ቤቶች አይታይም። ለፍርሃት ብቻ ግን አትሰርዙ፤ ከአዳራሹ ሲወጣ «ወድቄያለሁ» የማይል ተፈታኝ ጥቂት ነው።

ላለመድገም ከወሰናችሁ ለፈተናው ልታውሉት የነበረውን ወር በተወሰነ ነገር ላይ አውሉት፦ ስለ ራሳችሁ የምትጽፉትን ጽሑፍ አሥር ጊዜ አርሙ፣ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን መምህራን በሰዓቱ አስታውሱ፣ በክሊኒክ ወይም በሆስፒታል ያላችሁን ሰዓት ጨምሩ። ለአማርኛ ተናጋሪ ሕሙማን በማስተርጎም ያገለገላችሁ ከሆነ በማመልከቻው ውስጥ በሁለት መስመር አትለፉት። አንድ እናት የስኳር መድኃኒቷን እንዴት እንደምትወስድ ስታስረዷት ምን እንዳያችሁ ጻፉ።

ሁለተኛው ውጤት ዝቅ ብሎ ከመጣ ደግሞ በማመልከቻው ውስጥ ምክንያት አትደርድሩ። ቃለ መጠይቅ ላይ ከተጠየቃችሁ በሁለት ዐረፍተ ነገር መልሱ፤ ምን እንደተፈጠረ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረጋችሁ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ጥያቄ እለፉ።